ለትምህርት ቤት ጥገና የተዋጣ ገንዘብ፦ ለተቋራጭ እንስጠው ወይስ የቀን ሠራተኛ እንቅጠርበት?

የቀድሞ ተማሪ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አንባብያን። በአንድ ትምህርት ቤት አብረን የተማርን ጓደኛሞች ትምህርት ቤታችንን ለማሳደስ ገንዘብ አዋጥተናል። የምናሳድሰው አራት የመማሪያ ክፍሎች ያሉት አሮጌ ሕንፃ ነው። ጣሪያው በሁለቱ ክፍሎች ያፈሳል፣ የግድግዳው ልስን ከወለሉ እስከ ወገብ ከፍታ ድረስ ተፈርፍሮ ረግፏል፣ ሊሾው ተሰነጣጥቋል፣ ቀለሙም ምን ዓይነት እንደነበር መለየት አይቻልም። የሰበሰብነው ገንዘብ ሁሉንም ለማዳረስ አይበቃም፤ ዋና ዋናውን ለመሥራት ግን ያንሳል ብለን አናስብም።

የተለያየነው በአሠራሩ ላይ ነው። እኔን ጨምሮ የተወሰንነው ሥራው በትምህርት ቤቱ ዙሪያ በሚኖሩ የቀን ሠራተኞች እንዲሠራ እንፈልጋለን። ብዙዎቹ የተማሪዎቹ ወላጆች ናቸው፤ አንድ ቀን ሥራ አግኝተው ሦስት ቀን የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው። ገንዘቡ በምንዳ መልክ ወደ ቤታቸው ቢገባ፣ ልጆቹ የሚማሩበት ክፍል ከመታደሱም በላይ ልጆቹን የሚያሳድገው ቤት ይደገፋል ብለን እናምናለን። ሌሎቹ ጓደኞቻችን ደግሞ ይህ ሐሳብ ለጆሮ ደስ ከማለት በቀር ገንዘብ ያባክናል፣ ልምድ የሌለው ሰው የሠራው ጥገና ዓመት ሳይሞላው ይፈርሳል፣ ስለዚህ ፈቃድ ላለው ተቋራጭ በውል ሰጥተን የተጠናቀቀ ሥራ እንረከብ ይላሉ። ሦስተኛ ሐሳብ ያቀረበም አለ፤ ወላጆች ለገዛ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ጉልበታቸውን በነጻ ማዋጣት ሲገባቸው ለምን ይከፈላቸዋል የሚል ነው።

በእንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ ያለፋችሁ ካላችሁ ምክራችሁን እፈልጋለሁ። ጥገናውንና ለሥራ ፈላጊዎች ገቢ ማስገኘቱን በአንድ ገንዘብ ማሳካት ይቻላል ወይስ አንዱ ሌላውን ይጎዳዋል? የቀን ሠራተኞችን ከቀጠርንስ ማንን፣ በምን ያህል ምንዳ፣ በምን ዓይነት ቁጥጥር ብንቀጥር ይሻላል?

ጡረታ የወጣ መሐንዲስ፦

ተቋራጭ ወይስ የቀን ሠራተኛ ብላችሁ ከመከራከራችሁ በፊት ሥራዎቹን አንድ በአንድ በወረቀት ላይ አስፍራችሁ ከእያንዳንዱ ሥራ ወጪ ውስጥ የእጅ ዋጋው ስንት እንደሆነ ብትለዩ፣ ከክርክሩ ግማሹ በራሱ ጊዜ ይቃለላል። ቆርቆሮ መለወጥን ብንወስድ፣ ከወጪው አብዛኛው ለቆርቆሮ፣ ለእንጨትና ለምስማር የሚሄድ ሲሆን ሥራውን ሁለት ሦስት አናጺዎች ከረዳቶቻቸው ጋር በጥቂት ቀናት ይጨርሱታል፤ እዚህ ላይ ሠላሳ ሰው ልቅጠር ማለት ከመሰላሉ ሥር የሚቆመውን ሰው ማብዛት ብቻ ነው። በአንጻሩ የውኃ መውረጃ ቦይ መቆፈር፣ ግቢ መደልደል፣ የላላ ልስን ማራገፍ፣ አሸዋና ድንጋይ ማጓጓዝ ወጪያቸው ከሞላ ጎደል ምንዳ ነው። ቀለም መቀባትና ሊሾ መሥራት በእነዚህ መካከል ይቀመጣሉ።

አሁን ወደ ሕንፃችሁ ልምጣ፤ ምክንያቱም ከጥያቄዎ ይልቅ በመግቢያው ላይ እግረ መንገድዎን የጠቀሱት ነገር ትኩረቴን ስቦታል። ልስኑ የረገፈው ከወለሉ እስከ ወገብ ከፍታ ነው ብለዋል። ከጣሪያ የሚወርድ ውኃ ግድግዳን የሚያበላሸው ከላይ ጀምሮ ነው። ከታች ተነሥቶ ወገብ ላይ የሚቆም ጉዳት ግን ግድግዳው ከመሬት እርጥበት እየሳበ መሆኑን፣ ወይም አሸንዳ ከሌለው ጣሪያ የሚወርደው ዝናብ መሬት ላይ አርፎ እየተፈናጠቀ ግድግዳውን እንደሚመታው ያመለክታል። እርጥበቱ በግድግዳው ውስጥ ሲወጣ ጨው ይዞ ይወጣል፤ ውኃው ተንኖ ሲያልቅ ጨው ከልስኑ ጀርባ ይቀራል፤ ያ ጨው እየጠጠረ ሲሄድ ልስኑን ገፍቶ ይጥለዋል። ይህን ሳታስወግዱ አዲስ ልስን ብታስለስኑ፣ ለሳኙ የተመሰገነ ተቋራጭም ይሁን ትናንት የተቀጠረ ሰው፣ ከሁለት የዝናብ ወቅት በኋላ እንደገና ገንዘብ ታዋጣላችሁ።

መፍትሔው ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። በሕንፃው ዙሪያ ያለውን አፈር ከወለሉ ዝቅ እስኪል ማንሣት፣ ውኃው ከግድግዳው እየራቀ እንዲሄድ መሬቱን ማዝመም፣ መውጫ ያለው ቦይ መቆፈርና በድንጋይ መደልደል፣ ከዚያም አሸንዳ መግጠም ነው። ከአሸንዳው በቀር ሁሉም የዶማና የአካፋ ሥራ ነው። ስለዚህ የቀን ሠራተኞች የሚሠሩት ሥራ ለበጎ አድራጎት ሲባል ከዋናው ጥገና ጎን የተለጠፈ ተጨማሪ ሥራ አይደለም፤ በእናንተ ሕንፃ ላይ ዋናው ጥገና እሱ ነው።

ቦዩ ካለቀ በኋላ ግድግዳው እንዲደርቅ ጊዜ ስጡት። ወፍራም ግድግዳ ለመድረቅ ወራት ይፈጃል፤ የላላውን ልስን አራግፎ ግድግዳውን ገላጣ መተው ይረዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በእርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም የመጀመሪያው ዓመት ሳያልፍ ይላጣል። ሥራውን በሁለት የዕረፍት ጊዜ ብትከፍሉት ለግድግዳውም ለሠራተኞቹም ይጠቅማል፤ ምንዳ በአንድ ወር ውስጥ ገብቶ ከሚያልቅ በዓመቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቢመጣ ይሻላቸዋል።

ስለ ጣሪያው ለመወሰን ደግሞ አትቸኩሉ። ፀሐይ ባለበት ቀን በርና መስኮቱን ዘግታችሁ ከውስጥ ወደ ላይ ተመልከቱ። ብርሃን የሚገባው በምስማር ቀዳዳዎችና በቆርቆሮዎቹ መደራረቢያ ላይ ብቻ ከሆነ ምስማሮቹን በጎማ ማኅተም ባላቸው ለውጦ፣ የዛጉትን ጥቂት ቆርቆሮዎች ነቅሎ መተካት ይበቃል። እንጨቱ በስብሶ ከሆነ ግን ያ የሙያተኛ ሥራ ነውና ዋስትና በሚሰጥ ሰው አሠሩት። ለሁሉም ሥራ ተቋራጭ መያዝም ግዴታ አይደለም፤ ዕቃውን ራሳችሁ ገዝታችሁ ለአናጺና ለግንበኛ የእጅ ዋጋ ብቻ መክፈል ይቻላል፤ ይህ ከሆነ ግን በየቀኑ ቦታው ላይ የሚውል የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ፎርማን የሌለበት ሥራ ዕቃ ይበላል።

ሒሳብ ተቆጣጣሪ፦

መሐንዲሱ ስለ እጅ ዋጋ ድርሻ ያነሡት ነገር በሕግ ደረጃ የተደነገገበት አገር አለ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣችው የገጠር የሥራ ዋስትና ሕግ ለአንድ የገጠር ቤተሰብ በዓመት 100 የሥራ ቀናት እንዲሰጥ ሲያዝ፣ የምንዳና የዕቃ ወጪ ምጥጥን 60 ለ40 እንዲሆን፣ ተቋራጭ በመካከል እንዳይገባ፣ ከተጠቃሚዎቹም ቢያንስ ሲሶው ሴቶች እንዲሆኑ ደንግጎ ነበር። ይህን የጠቀስኩት እናንተም 60 ለ40 አድርጉ ለማለት አይደለም፤ የሕንፃ ጥገና በባሕርዩ ዕቃ የሚበዛበት ስለሆነ ምጥጥኑን ለመጠበቅ ብላችሁ ከአሸንዳው ገንዘብ ቀንሳችሁ ለአላስፈላጊ ቁፋሮ ብታውሉት ጥፋት ይሆናል። ነገር ግን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የራሳችሁን ምጥጥን በጽሑፍ ካላስቀመጣችሁ፣ የዕቃ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የሚቀነሰው ሁልጊዜ ምንዳው ይሆናል። ዕቃ ሻጭ ቅናሽ እምቢ ይላል፤ የቀን ሠራተኛ እምቢ የሚልበት አቅም የለውም። ለአሮጌ ሕንፃ ሲነካ የሚወጣ ጉድ ስለማይጠፋ ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን መጠባበቂያ ብላችሁ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ምንዳውን በተመለከተ ምክሬ በአካባቢው ለተመሳሳይ ሥራ የሚከፈለውን ዋጋ ክፈሉ የሚል ነው። ገንዘቡ የበጎ አድራጎት ነው በሚል ሰበብ ከዚያ ዝቅ ካደረጋችሁት ከድሃው ሰው ምጽዋት እየተቀበላችሁ ነው። ዝቅ ያለ ምንዳ ሌላ አማራጭ የሌለውን ሰው ብቻ ስለሚስብ በጣም የተቸገሩትን ለመለየት ይጠቅማል የሚሉ ባለሙያዎች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ለሚመዘግብ የመንግሥት ፕሮግራም ክርክሩ ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ እርስ በርሱ በሚተዋወቅ ሠፈር ውስጥ ሃያ ሰው ለሚቀጥር ማኅበር ግን አያስፈልግም። በጣም ከፍ ማድረጉም ችግር አለው፤ ቋሚ ሥራ ያለው ሰው ሥራውን ትቶ ይመጣል፣ ዝርዝሩም ጉልበትና ዘመድ ባላቸው ሰዎች ይሞላል።

በቀን ይከፈል ወይስ በቁርጥ ለሚለው ታሪክ ያስተማረን ነገር አለ። በአየርላንድ የረሃብ ዘመን መንግሥት ለተራበው ሕዝብ መንገድ እያሠራ ምንዳ ይከፍል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በማርች 1847 በዚህ ሥራ የተሰማራው ሰው ቁጥር ከ700 ሺህ አልፎ ነበር። ክፍያው በተሠራው መጠን እንዲሆን በመደረጉ በረሃብ የደከመው ሰው ድንጋይ ፈልጦ የዕለት ጉርሱን ማግኘት አቃተው፤ ክፍያውም ይዘገይ ስለነበር ተመዝግበው እየሠሩ የሞቱ ነበሩ። በመጨረሻ ሥራው ታጥፎ የበሰለ ምግብ ማደል ተጀመረ። ለጠንካራ ሰው ቁርጥ ያዋጣዋል፣ በጊዜ ጨርሶ ይሄዳል፤ እናንተ ግን የምትቀጥሩት እናቶችን፣ አረጋውያንንና ለረጅም ጊዜ ሥራ ያጡ ሰዎችን ከሆነ በቀን ክፈሉ፤ ሥራውን ለመለካት ከፈለጋችሁም የቡድኑን እንጂ የግለሰቡን አትለኩ። የሕንዱ ሕግ ምንዳ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲከፈል ያዝ ነበር፤ ለእናንተ ግን ይህም ይረዝማል። በየሳምንቱ በታወቀ ቀን፣ በሁሉም ፊት ክፈሉ።

ቁጥጥሩ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ዘወትር ማድረጉ ነው። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ስም የሚጠራበት መዝገብ ይኑር፤ ስም የሚመዘግበው ሰውና ገንዘብ የሚከፍለው ሰው የተለያዩ ይሁኑ፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የተቀበለውን ገንዘብ በፊርማ ወይም በጣት አሻራ ያረጋግጥ፤ የሳምንቱ ዝርዝርም በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ። በሌለ ሰው ስም ምንዳ የሚወጣው መዝገቡ በአንድ ሰው ቦርሳ ውስጥ ሲያድር ነው። የተለጠፈ ዝርዝር ከማንኛውም ኦዲተር ይበልጣል፤ ጎረቤት ማን ሥራ እንደዋለና ማን እንዳልዋለ ያውቃልና።

በቀን ሥራ ያደግሁ፦

እኔ ከዝርዝሩ ማዶ ቆሜ ያየሁትን ልናገር። ብዙ ዓመት ድንጋይ ተሸክሜያለሁ፣ ሲሚንቶ አቡክቻለሁ፤ ዛሬ ግንበኛ ነኝ። አንድ ጊዜ በበጎ አድራጊዎች ገንዘብ የአንድ ትምህርት ቤት አጥር ስንሠራ ከምንዳችን በፊት የሚመጣው ፎቶግራፍ ነበር። አካፋ ይዘን እንድንቆም፣ ፈገግ እንድንል፣ ከዚያም ለጋሾቹን እንድናመሰግን እንጠየቅ ነበር። ምንዳው ግን ሁለት ሳምንት አለፈው። ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ ገንዘቡ እኮ እርዳታ ነው፣ ታገሡ የሚል ነበር። እርዳታ ከሆነ ለምን እንሠራለን? ሠርተን ከሆነስ ምስጋናው ከማን ለማን ነው? በጥያቄው ላይ ወላጆች በነጻ ይሥሩ ያሉት ሰውም ይህን እንዲያስቡበት እለምናለሁ። መምህሩ ልጆቹን ስለሚወድ ደመወዝ አይገባውም የሚል ሰው የለም። በገዛ ፈቃዱ የአንድ ቀን ጉልበት የሚያዋጣ ወላጅ ካለ ይመስገን፤ ነገር ግን የሚከፈለውንና የማይከፈለውን በአንድ ቦይ ውስጥ ጎን ለጎን አታቁሟቸው፤ በሦስተኛው ቀን ሁለቱም አይመጡም።

ስለ ምርጫው፣ ስም ዝርዝሩን አንድ ሰው አዘጋጅቶ እንዳያመጣላችሁ። ማንም ቢሆን መጀመሪያ የሚጽፈው የአክስቱን ልጅ ነው። ሥራ ፈላጊ ሁሉ በታወቀ ቀን በትምህርት ቤቱ ግቢ ተገኝቶ ይመዝገብና በሁሉም ፊት ዕጣ ይውጣ። የተመዘገበው ብዙ ከሆነ በሁለት ሁለት ሳምንት ተራ አድርጉት፤ በየሁለት ቀኑ ሰው ከለወጣችሁ ግን ማንም ሥራውን ሳይለምድ ገንዘባችሁ ያልቃል።

ከተራው ውጭ የሚሆን አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ለግንበኛውም ለአናጺውም አንድ አንድ ወጣት ረዳት ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው አብሯቸው እንዲቆይ አድርጉ፤ ወንድም ሴትም ሊሆኑ ይችላሉ። ውኃ ልክ መያዝ፣ ቱንቢ መጣል፣ ልስን መምታት የሚለመደው በማየት ሳይሆን ከአንድ ባለሙያ ሥር በመቆየት ነው። ሥራው ሲያልቅም ምን ምን እንደሠሩ የሚገልጽ ወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው። እኔን ከጭነት ያወጣኝ አንድ ግንበኛ ሦስት ወር ከጎኑ ስላቆየኝ ነው። መሐንዲሱ በዕረፍትና በዕረፍት ክፈሉት ያሉትም በዚህ ምክንያት ይጥመኛል፤ በመጀመሪያው ረዳት የነበረው በሁለተኛው ልስን ይመታ ይሆናል።

ሌላው፣ ሰው ከመሰላል ቢወድቅ ማን ያሳክመዋል? ይህን ሥራ ከመጀመሩ በፊት መልሱልን። ተቋራጭ ዋስትና ሊኖረው ይችላል፤ ማኅበራችሁ ራሱ ከቀጠረ አሠሪው ማኅበራችሁ ነው።

መምህርት፦

እኔ የማነሣው በሥራው መካከል ስለሚመላለሱት ልጆች ነው። ጥገና በትምህርት ቀን አይሠራ፤ የዝናብ ወቅትና የእርሻ ሥራ የሚበዛበት ጊዜም ከዕረፍቱ ጋር ከተጋጨ ሠራተኛ ስለማታገኙ ቀኑን ከወላጆች ጋር ወስኑ። ግቢው በገመድ ተከፍሎ ወደ ሥራው ቦታ የሚወስደው መንገድ ይዘጋ። ሥራው ሲያልቅም ግቢውን የሚያስስ ሰው መድቡ፤ ከጣሪያ የተነቀለ ምስማር ባዶ እግር የሚያገኘው ከወራት በኋላ ነው።

ሁለት አደገኛ ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም በዓይን አይታወቁም። የመጀመሪያው አስቤስቶስ ነው። አሮጌው ጣሪያ ወይም ኮርኒስ ከብረት ቆርቆሮ ሳይሆን ከሲሚንቶ የተሠራ ግራጫና ሸካራ ክዳን ከሆነ፣ ማንነቱ ሳይጣራ ማንም እንዳይሰብረው፣ እንዳይበሳው፣ እንዳይጠርገውም። ሲሰበር የሚወጣው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም የአስቤስቶስ ዓይነቶች ካንሰር እንደሚያስከትሉ አስታውቋል፤ በሽታው የሚወጣውም ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ለዚህ ሥራ የቀን ሠራተኛ መቅጠር የለባችሁም፤ የሠለጠነና መከላከያ ያለው ሰው እስኪገኝ ድረስ ባለበት መተው ይሻላል።

ሁለተኛው በአሮጌ ቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ነው፤ የመጻፊያውን ሳይሆን የብረቱን እርሳስ ማለቴ ነው። ቀለሙን በደረቁ ሲፍቁት ወይም በእሳት ሲያቃጥሉት ብናኙ ወለልና ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ ሕፃን ልጅ እጁን ወደ አፉ በወሰደ ቁጥር ይውጠዋል፤ የልጆችን የአእምሮ እድገት ይጎዳል፤ ምንም አይጎዳም የሚባል መጠንም አልተገኘለትም። ስለዚህ ቀለሙ ሲፋቅ በውኃ እየራሰ ይፋቅ፤ ፍቅፋቂው በላስቲክ ላይ ተሰብስቦ ይወገድ፤ ወለሉም በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይጽዳ። አዲስ የምትገዙት ቀለምም እርሳስ የሌለበት መሆኑን አረጋግጡ።

በመጨረሻ፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑትን አትመዝግቡ። ወላጅ በራሱ ምትክ ልጁን ይልካል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ በችግር እንጂ በክፋት አይደለም። አስከፊ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛን የሚከለክለው እ.ኤ.አ. የ1999 የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2020 በሁሉም የድርጅቱ አባል አገሮች የጸደቀ በመሆኑ አደገኛ ሥራ ለልጅ የተከለከለ ነው፤ የግንባታ ቦታም አደገኛ ነው። ተማሪን ከክፍል አውጥቶ ክፍሉን የሚያሳድስ ገንዘብ እንዳይሆንባችሁ።

ነገሩን የምጠራጠር፦

ሁላችሁም እንዴት ይሠራ የሚለውን መልሳችኋል፤ የማን ሥራ ነው ያለ ግን የለም። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ከሆነ ለጥገና የሚመደብ በጀት ይኖረዋል፤ እናንተ ጣሪያውን ስትሠሩ ያ በጀት ወዴት ይሄዳል? ጥሩ የሚያዋጣ ማኅበር ያለው ትምህርት ቤት ከመንግሥት ዝርዝር ውስጥ ወደ መጨረሻ ሲወርድ አይቻለሁ። የእናንተ ገንዘብ ለጥገና ተብሎ ገብቶ በተዘዋዋሪ የሌላ ነገር ወጪ ይሸፍናል ማለት ነው።

ስለ ቀን ሠራተኞቹም ቢሆን የሁለት ወር ሥራ ድህነትን አያስወግድም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1933 የተቋቋመው የሲቪል ሥራዎች አስተዳደር በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ከአራት ሚሊዮን በላይ ሰው ቀጥሮ ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ ትምህርት ቤቶችን እንዳሠራና እንዳደሰ ይነገርለታል፤ ክረምቱ ሲያልፍ ግን ተዘጋ፤ ሰዎቹም ወደ ሥራ አጥነታቸው ተመለሱ። ያን ያህል አቅም ያለው መንግሥት ያልዘለቀበትን እናንተ አትዘልቁበትም። የምትሰጡት የሁለት ወር ምንዳ መሆኑን ለሠራተኞቹም ለራሳችሁም በግልጽ ተናገሩ።

ጡረታ የወጣ መሐንዲስ፦

ከላይ ያለው አስተያየት ስለ በጀቱ እውነት አለው፤ ስለ አሜሪካው ምሳሌ ግን አልስማማም። ሰዎቹ ወደ ሥራ አጥነት ቢመለሱም ያን ክረምት በልተው አልፈዋል፤ ያደሷቸው ትምህርት ቤቶችም ከእነሱ በኋላ ብዙ አገልግለዋል። የሁለት ወር ምንዳ የሁለት ወር ምንዳ ነው፤ ከዚያ በላይ ነው ያለ ሰውም እዚህ የለም።

በጀቱን በተመለከተ ከትምህርት ቤቱ ባለቤት ጋር በጽሑፍ ተስማሙ። ስምምነቱ ሁለት ነገር ብቻ ይያዝ፦ እናንተ ምን እንደምትሠሩ፣ እነሱ ደግሞ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ምን እንደሚያደርጉ። በመስኩ በተለምዶ የሚጠቀሰው ልክ አንድን የመንግሥት ሕንፃ በደኅና ለማቆየት ሕንፃውን ዛሬ እንደ አዲስ ለመሥራት ከሚጠይቀው ወጪ ከ2 እስከ 4 በመቶ በየዓመቱ ለጥገና መመደብ አለበት የሚል ነው። ይህን ያህል የሚመድብ ትምህርት ቤት ጥቂት ነው። ቢያንስ ቢያንስ ግን አሸንዳውን በዓመት ሁለት ጊዜ የሚጠርግና ቦዩን የሚከፍት ሰው ምንዳ መገኘት አለበት፤ ቅጠል የደፈነው አሸንዳ ጭራሽ አሸንዳ ካለመኖሩ ይብሳል፤ ውኃውን ሰብስቦ በአንድ ቦታ ላይ ግድግዳው ላይ ያፈስሰዋል።

የቀድሞ ተማሪ፦

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሳችሁን ካነበብኩ በኋላ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደን ነበር፤ አንደኛው ለተቋራጭ ይሰጥ ሲል የነበረው ነው። መሐንዲሱ እንዳሉት ሆኖ አገኘነው። በሕንፃው ጀርባ ያለው አፈር ለዓመታት ተጠርጎ ከተከመረ ቆሻሻና ተማሪዎች ከሠሩት የአበባ መደብ ጋር ተደማምሮ ከክፍሉ ወለል አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሏል፤ አሸንዳም የለውም። ተማሪ ሳለን ያንን መደብ ውኃ ያጠጣን የነበርነው እኛው መሆናችንን ሳስታውስ ትንሽ አፈርኩ። በርና መስኮቱን ዘግተን ጣሪያውን ስናይ ብርሃን የሚገባው ከአሥራ አምስት በማይበልጡ ቦታዎች ሲሆን ሁሉም ምስማር ያለባቸው ናቸው። ክዳኑ የብረት ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒሱ ግን ከምን እንደተሠራ ስላላወቅን እስኪጣራ ድረስ አንነካውም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ዕረፍት አፈሩን አንሥተን፣ ቦዩን ቆፍረን፣ የላላውን ልስን አራግፈን እናቆማለን፤ ምዝገባውና ዕጣው በግቢው ውስጥ በሁሉም ፊት ይሆናል፤ ምንዳውም የአካባቢው ዋጋ ሆኖ በየሳምንቱ ይከፈላል። የጣሪያውን ምስማርና የአሸንዳውን ሥራ ለአንድ አናጺ በእጅ ዋጋ እንሰጣለን፤ ዋጋ የሚያጠያይቀውም ያው ተቋራጭ ይሻላል ያለው ጓደኛችን ነው፤ ከሁላችን ይልቅ ሰው ስለማያምን ለዚህ ሥራ ይመቻል። ግንበኛው ወንድሜ የጠየቁትን ሁለት ረዳቶች ከዕጣው ውጭ ማድረግ ቅሬታ ያስነሣል የሚል ሥጋት ነበረን፤ የሁለቱም ስም በሌላ ዕጣ እንዲወጣ ተስማምተናል። ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ ከመጠባበቂያው ለይተናል፤ ኢንሹራንስ መግባት የሚቻል መሆኑንም እያጠያየቅን ነው።

ያልተቋጨው የጽሑፍ ስምምነቱ ነው። የትምህርት ቤቱ አስተዳደር አሸንዳ ለማስጠረግ ቃል ገብቶልናል፤ በወረቀት ላይ ለማስፈር ግን የበላይ አካል ፈቃድ ያስፈልጋል ብሎናል። ደብዳቤውን አስገብተን መልስ እየጠበቅን ነው፤ አሸንዳውንም መልሱ እስኪመጣ ድረስ ላለመግዛት ወስነናል።